ሐኪሙ ፍራንዝ ፋኖን

በሰኔ ወር 1952 ዓ.ም. ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት ሁለተኛውን ጉባኤያቸውን በአዲስ አበባ ባደረጉ ጊዜ፣ ለነጻነቱ በመዋጋት ላይ ከነበረው ከአልጄሪያ ሕዝብ ወገን ሆነው ከተገኙት መካከል ፍራንዝ ፋኖን አንዱ ነበር። ዕድሜው 34 ዓመት ነው። በጋና የአልጄሪያ ጊዜያዊ መንግሥት አምባሳደር ስለ ነበረ ወደ ከተማችን ያመጣው ጉዳይ ፖለቲካ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን በአልጄሪያና በቱኒዚያ ሆስፒታሎች ለስድስት ዓመታት ያህል የአእምሮ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ባለሙያ ነው። ከጉባኤው በኋላ የቀረው ዕድሜ አንድ ዓመት ተመንፈቅ ብቻ ነበር።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ስሙ በአዲስ አበባ እንደገና ተሰማ። በ1960ዎቹ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና በውጭ አገር በሚማሩት ኢትዮጵያውያን ዘንድ በብዛት ከሚነበቡት ደራስያን አንዱ ሆነ። ይሁን እንጂ ያነጋገረው በአብዛኛው ስለ ቅኝ አገዛዝና ስለ ዐመፅ የጻፈው ነበር። በዚያው በመጨረሻው መጽሐፉ ውስጥ ሰፊ ምዕራፍ ይዞ የሚገኘው የሕሙማን ታሪክ ያን ያህል አንባቢ አላገኘም። እንዲያውም ፋኖን በሐኪምነቱ የጻፋቸው ጽሑፎች በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ለአንባቢ የቀረቡት በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። እዚህ የሚቀርበው ታሪክ የሚያተኩረው በዚሁ በሐኪሙ ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፋኖን የተወለደው ሐምሌ 20 ቀን 1925 በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በማርቲኒክ ደሴት፣ ፎር ደ ፍራንስ በተባለችው ከተማ ነው። ደሴቲቱ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። አባቱ የጉምሩክ ሠራተኛ፣ እናቱ ሱቅ ያላት ነጋዴ ስለ ነበሩ ኑሯቸው ከብዙው የደሴቲቱ ሕዝብ የተሻለ ነበር። እንዲህ ባለው ቤተሰብ ውስጥ የሚያድግ ልጅ አጥርቶ መናገር ያለበት ፈረንሳይኛን ነው። ሕዝቡ የሚግባባበት ክሪዮል በትምህርት ቤት የተናቀ፣ በቤትም የሚያስቆጣ ቋንቋ ነበር። አንድ ልጅ የገዛ አገሩን አነጋገር እንደ ነውር እንዲቆጥር ሲደረግ በውስጡ ምን እንደሚፈጠር ፋኖን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ አስተዳደግ ያውቀዋል። ገጣሚው ኤሜ ሴዜር በሚያስተምርበት ሊሴ ገብቶ ሲማር ግን ጥቁርነት ሊኮሩበት የሚገባ ነገር መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943፣ ገና 17 ዓመቱ ሳለ ከቤቱ ጠፍቶ በባሕር ወደ ጎረቤቲቱ ዶሚኒካ ተሻገረ፤ ዓላማው ከጄኔራል ደ ጎል ጦር ጋር ተሰልፎ ፈረንሳይን ከናዚዎች ለማዳን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከወታደሮች ጋር ወደ ሰሜን አፍሪካ፣ ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ተላከ። በውጊያ ላይ ቆሰለና የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸለመ። ነገር ግን በዚያ ጦር ውስጥ ያየው ነገር ለነጻነት ስለ መሰለፉ የነበረውን እምነት አናጋው። ነጮቹ ከላይ፣ የካሪቢያን ተወላጆች ከነርሱ ዝቅ ብለው፣ የምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች ከዚያ በታች ይመደቡ ነበር፤ በአልጄሪያ በኩል ሲያልፍ ደግሞ የአገሬው ዐረብ ከሁሉም በታች መሆኑን ተመለከተ። ከጦርነቱ ማብቂያ በፊት ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ መሳሳቱን ገልጿል።

ከጦርነቱ በኋላ ሊዮን ሄዶ ሕክምና ተማረ። ከሕክምናው ትምህርት ጎን ለጎን የፈላስፋውን የሜርሎ ፖንቲን ትምህርት ይከታተል ነበር። ለመመረቂያ ሊያቀርበው ያሰበው ጽሑፍ ጥቁር ሰው በነጮች ዓለም ውስጥ ሲኖር በአእምሮው ላይ የሚደርሰውን የሚመረምር ነበር። መምህሩ ይህን ሳይቀበለው ስለ ቀረ በ1951 በውርስ ስለሚተላለፍ አንድ የነርቭ ሕመም ሌላ ጽፎ ተመረቀ። ተቀባይነት ያጣው ጽሑፍ በማግሥቱ ዓመት «ጥቁር ቆዳ፣ ነጭ ጭምብል» ተብሎ ታተመ። ዛሬ የሚነበበው እርሱ ነው።

በዚያው በ1952 ያወጣው አንድ አጭር ጽሑፍ ለሙያው ይበልጥ የቀረበ ነው። በሊዮን ሆስፒታሎች የሰሜን አፍሪካ የቀን ሠራተኞች ለሕክምና ሲመጡ የት እንደሚያማቸው ለይተው መናገር ይቸግራቸው ነበር። አንድ ጊዜ ሆዴን፣ ሌላ ጊዜ ራሴን፣ ከዚያም ሁለመናዬን ይላሉ። ሐኪሞቹ ቁስልም እብጠትም ሲያጡ ሰዎቹን ሰነፎች፣ አስመሳዮች እያሉ ይመልሷቸው ነበር። ፋኖን ጥያቄውን ወደ ሐኪሞቹ አዞረው። ከአገሩ የተለየ፣ ቤተሰብ የሌለው፣ በመንገድ ላይ በጥርጣሬ የሚታይ ሰው ሥቃዩን ለይቶ የሚያሳይበት ቦታ በአካሉ ላይ ከየት ያመጣል? ሐኪሙስ በሽተኛው አፉን ሳይከፍት ስለ እርሱ የያዘውን ግምት ከየት አገኘው? በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የሠራ ሁሉ ልቡን፣ ወገቡን፣ ሁለመናውን የሚያመውን ሰው ስለሚያውቀው ይህ ጽሑፍ እንግዳ አይሆንበትም።

የፋኖን እውነተኛ የሙያ ትምህርት የተፈጸመው ግን በሳን አልባን ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ተራሮች መካከል በሚገኘው በዚህ ሆስፒታል የሚሠራው ፍራንስዋ ቶስኬል የካታሎንያ ተወላጅ ሲሆን፣ በስፔን የርስ በርስ ጦርነት በሪፐብሊኩ ወገን የአእምሮ ሐኪም ሆኖ አገልግሎ በፍራንኮ ድል ምክንያት የተሰደደ ሰው ነበር። በፈረንሳይ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሳይቀር ሕሙማንን ያክም ነበር። ጦርነቱ በቆየባቸው ዓመታት በፈረንሳይ የአእምሮ ሆስፒታሎች 40,000 ያህል ሕሙማን በረኃብና በረኃብ ሰበብ በመጣ በሽታ ሲያልቁ፣ የሳን አልባን ሐኪሞች፣ መነኮሳትና ሕሙማን ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር እየሠሩና እህል እየተለዋወጡ ከዚህ እልቂት አመለጡ። ቶስኬል ከዚህ ያገኘው ትምህርት በሽተኛውን ለማዳን አስቀድሞ ሆስፒታሉ ራሱ መታከም አለበት የሚል ነው። ስብሰባው፣ ጋዜጣው፣ የእጅ ሥራው፣ ቲያትሩ ሁሉ የሕክምናው አካል ሆነ። ቶስኬል ፈረንሳይኛን በከባድ የካታሎንያ ቅላጼ ይናገር ነበር፤ ይህንም እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። በሽተኛው የሐኪሙን ንግግር ለመረዳት መጣር ሲኖርበት ግንኙነቱ የሁለት ሰዎች ሥራ ይሆናል ብሎ ያምን ነበር።

ፋኖን በዚህ ሰው ሥር ከ1952 እስከ 1953 ሠራ። ከርሱ ጋር ሆኖ ስለ ኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምናም ጽፏል። ፋኖን ሰንሰለት ሰባሪ ሆኖ ብቻ የሚታወሳቸው ሰዎች ይህን ሲሰሙ ሊደነግጡ ይችላሉ። ሆኖም በዘመኑ የነበረውን የአካል ሕክምና ሁሉ የተጠቀመ ሐኪም ነበር። የርሱ አስተያየት ንዝረቱም ሆነ መድኃኒቱ በሽተኛውን ወደ ሰዎች ለመመለስ በር ከመክፈት አልፎ ብቻውን ፈውስ አይሆንም የሚል ነው።

በኅዳር ወር 1953 ከአልጀርስ በስተ ደቡብ በምትገኘው በብሊዳ ከተማ፣ በትልቁ የአእምሮ ሆስፒታል ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በአልጄሪያ ይሠራበት የነበረው የአእምሮ ሕክምና ከአንትዋን ፖሮ ትምህርት የተቀዳ ነበር። ፖሮና ተከታዮቹ የሰሜን አፍሪካ ሰው በተፈጥሮው ውሸታምና ቁጡ፣ የአንጎሉም የላይኛው ክፍል በሚገባ የማይሠራ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። በኬንያ ይሠራ የነበረው ካሮዘርስም በ1953 በዓለም የጤና ድርጅት ስም ባሳተመው ጥናት ስለ አፍሪካውያን ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። ሆስፒታሉም ሕሙማንን በዘር ለይቶ ያስተኛ ነበር። ፋኖን የተረከባቸው 165 አውሮፓውያን ሴቶችና 220 ሙስሊም ወንዶች ነበሩ።

ሲደርስ በገዛ እጁ የበሽተኞችን ሰንሰለት እንደ ፈታ በሰፊው ይነገራል። በሰነድ ላይ ያለው ታሪክ እንዲህ ዐይን የሚስብ አይደለም፤ ለባለሙያ ግን የበለጠ ጥቅም አለው። ፋኖን ከአልጀርስ ከመጣው ከወጣቱ ሐኪም ከዣክ አዙሌ ጋር ሆኖ የሳን አልባንን አሠራር እንዳለ በሁለቱም ክፍሎች አስጀመረ። በሴቶቹ ዘንድ ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። ጋዜጣ ማዘጋጀት፣ ፊልም መምረጥ፣ የገናን በዓል ማክበር ጀመሩ፤ ዘመናቸውን ሙሉ በዝምታ ያሳለፉ ሴቶች መነጋገር ያዙ። በወንዶቹ ክፍል ግን ሦስት ወር ሙሉ ተደክሞ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። በስብሰባው የሚናገር የለም። ጋዜጣውን የሚያነብ አልተገኘም። ቅርጫት እንዲሠሩ ሲሰጣቸው ትተውት ይቀመጣሉ። አስታማሚዎቹ ይህንን ቀድሞውንም እናውቀው ነበር፣ አዲስ የመጡት ሐኪሞችም ውለው አድረው ይረዱታል እያሉ ያጉረመርሙ ጀመር።

በዚህ ጊዜ የፖሮን ትምህርት ተቀብሎ ጥፋቱን በሕሙማኑ ላይ መጫን ቀላል ነበር። ፋኖንና አዙሌ ግን በ1954 ባሳተሙት ጽሑፍ ስሕተቱ የራሳቸው መሆኑን በግልጽ አመኑ። ለአውሮፓውያን ሴቶች የተሰፋውን ልብስ የአልጄሪያ ገበሬ እንዲለብሰው ጠይቀው ነበር። አብዛኛው በሽተኛ ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ ጋዜጣው ለርሱ ወረቀት ብቻ ነው። የቅርጫት ሥራ በአገሩ ልማድ የሴት ሥራ ስለ ሆነ ለፈውስ ተብሎ የተሰጠው ነገር ውርደት ሆኖበታል። (የኛም አራሽ ስፌት እንዲሰፋ ቢታዘዝ የሚሰማው ይኸው ነው።) አባወራ በሽማግሌዎች ፊት ስለ ቤቱ ጉዳይ በስብሰባ አይናገርም። በዚህ ላይ ሐኪሙ ከሕሙማኑ ጋር የሚገናኘው በአስተርጓሚ ነበር። ለአልጄሪያዊ ገበሬ ደግሞ አስተርጓሚ ማለት በፍርድ ቤትና በፖሊስ ጣቢያ የሚያውቀው ሰው ነው።

የዚህ ኑዛዜ ክብደት የሚገባን የጻፈው ሰው ማን እንደ ሆነ ስናስታውስ ነው። ጥቁር ሰው በነጭ መስፈርት ሲለካ ስለሚደርስበት ጉዳት መጽሐፍ የጻፈው፣ በልጅነቱ በክሪዮሉ ያፈረው፣ በሊዮን ሐኪሞቹን የወቀሰው ፋኖን ራሱ ነበር። ይህ ሁሉ ዕውቀት በብሊዳ ተመሳሳይ ስሕተት ከመሥራት አላዳነውም። ከበሽተኞቹ ጋር በመጨቆን ቢዛመድም በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በልማድ እንግዳ ነበር። ዐረብኛ ለመማር ሞክሯል፤ ያለ አስተርጓሚ ለማከም የሚያበቃ ደረጃ ላይ ግን አልደረሰም፤ ይህም በሥራው ላይ የቀረ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከዚያ በኋላ የወንዶቹ ክፍል መልኩን ለወጠ። እንደ አገሩ ልማድ ቁጭ ተብሎ የሚጫወቱበት ቡና ቤት ተከፈተ። የሙስሊም በዓላት መከበር ጀመሩ። ሙዚቀኞችና ከመንደር መንደር የሚዞር ተረት ነጋሪ ተጋበዙ። ማሳ ተሰጥቷቸው ማረስ፣ በኳስ ሜዳም መጫወት ያዙ። ፋኖንና ባልደረቦቹ ወደ መንደሮች ወጣ እያሉ ጂን ያደረበት ሰው እንዴት እንደሚታከም ተመለከቱ። በ1956 በወጣው ጽሑፍም የሰሜን አፍሪካ ሙስሊም ሕመምተኛውን በሥራው እንደማይወቅሰው፣ ጥፋቱን በጂኑ ላይ እንደሚያደርግና ሰውየው ሲድን ያለ ነቀፋ ወደ ቦታው እንደሚመልሰው አስረዳ። ሐኪሙ ይህንን እምነት በግሉ መቀበል የለበትም፤ ኅብረተሰቡ ለበሽተኛው የሚሰጠውን ክብር ግን ከአውሮፓ ሆስፒታል ጋር አስተያይቶ ማየት ይገባዋል። የዛርንና የጸበልን ነገር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ይህ ጽሑፍ ሩቅ አይደለም። በ1932 በጎንደር ዛርን ያጠናው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ስለ ካሪቢያን የጻፈውን ፋኖን አንብቦ በመጀመሪያው መጽሐፉ ጠቅሶታል።

ከዚያው ዓመት ሌላ ጥናት ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ፋኖንና ሻርል ዤሮኒሚ በሥዕል ላይ ተመሥርቶ ታሪክ የሚያስነግረውን የታወቀ የሥነ ልቡና ፈተና ለሙስሊም ሴቶች ሰጡ። ሴቶቹ ታሪክ አልተናገሩም። በሥዕሉ ላይ ያለውን ዕቃ እየቆጠሩ ወይም አናውቅም እያሉ ዝም አሉ። ከካርዶቹ አንዱ ምንም ያልተሣለበት ነጭ ወረቀት ነበር። እርሱ ሲቀርብላቸው ግን የተሟላና ሕይወት ያለው ታሪክ መናገር ጀመሩ። በሥዕሎቹ ላይ ያለው ቤት፣ ልብስና አቀማመጥ የሌላ ዓለም ስለ ነበረ አንደበታቸውን ዘግቶት ነበር። ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በሳር ቤት ወይም በጀሞ በምክር አገልግሎት ክፍል ተቀምጦ በውጭ አገር የተዘጋጀ መጠይቅ የሚያነብ ባለሙያ፣ ከፊቱ ያለው ሰው ዝም ሲል ዝምታውን ለመተርጐም ከመቸኮሉ በፊት ይህችን ነጭ ካርድ ቢያስብ መልካም ነው።

በኅዳር ወር 1954 የአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት ተጀመረ። ፋኖን ለአርበኞቹ መድኃኒት በማቀበልና ቁስለኞችን በማከም በምስጢር ይረዳቸው ነበር። በዚያው ጊዜ ደግሞ አሠቃይተው የታመሙ የፈረንሳይ ፖሊሶች ለሕክምና ወደርሱ ይመጡ ነበር። በመጨረሻው መጽሐፉ ከተረካቸው ታሪኮች አንዱ ማታ ቤቱ ሲገባ ጩኸት እየተሰማው መስኮት የሚዘጋ፣ ጆሮውን በጥጥ የሚደፍን ወጣት ፖሊስ ነው። ይህ ሰው ለሕክምና መጥቶ በሆስፒታሉ ግቢ ሲዘዋወር፣ በምርመራ ጊዜ ካሠቃያቸው ሰዎች አንዱን በድንገት አገኘው፤ ያ ሰውም የፋኖን በሽተኛ ነበር። ፖሊሱ ዛፍ ተደግፎ ሲንቀጠቀጥ ተገኘ። ሌላው ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሽንት ቤት ራሱን ሊገድል ሲሞክር ተደረሰበት፤ ሊወስዱት የመጡ መስሎት ነበር። ያየው ሰው እውነተኛው ፖሊስ ሳይሆን ቅዠት መሆኑን ለማሳመን ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። በሽተኛውን ለማረጋጋት የተነገረው ይህ ውሸት በሕክምና ሥነ ምግባር እንዴት ይታያል? ፋኖን ነገሩን ጻፈው እንጂ ስለ ራሱ አልተከራከረም።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይከፋል። አንድ የፖሊስ መርማሪ ሚስቱንና ልጆቹን ይደበድብ ጀምሮ ነበር። መታመሙ ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑንም ተረድቷል። ሥራውን መተው ግን አልፈለገም። ከሐኪሙ የሚሻው ሕሊናው ሳይወቅሰው እያሠቃየ መኖር የሚችልበትን ርዳታ ነበር። ደንበኛው የሚጠይቀውን ሁሉ ዓላማ አድርጎ የሚነሣ የምክር ዘዴ በዚህ ሰው ፊት ምን ይመልሳል? ፋኖን በ1956 መጨረሻ ለገዥው ለሮበር ላኮስት ሥራ መልቀቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈ። በሕግ የሰው ልጅ በገዛ አገሩ ባይተዋር እንዲሆን በሚደረግበት ቦታ፣ ሰውን ከራሱና ከወገኑ ጋር ማስታረቅ የሆነውን የአእምሮ ሕክምና መቀጠል እንደማይቻል አስረዳ። መልሱ ከአገር መባረር ሆነ።

በ1957 ቱኒስ ገባ። ከአርበኞቹ ጋዜጣ ሥራ ጎን ለጎን በመጀመሪያ በማኑባ፣ ቀጥሎም በሻርል ኒኮል ሆስፒታል ሕክምናውን ቀጠለ። በሻርል ኒኮል ያቋቋመው በሽተኛው ጧት መጥቶ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ውሎ ገብ ክፍል በአፍሪካ ከቀደምቶቹ አንዱ ነበር። በ1959 ከዤሮኒሚ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ የቀድሞ እምነቱን እንደገና አረመ። በሳን አልባንና በብሊዳ ቡና ቤትም ጋዜጣም ያለው ትንሽ ኅብረተሰብ በግቢ ውስጥ ሲፈጥር ኖሮ ነበር። አሁን ግን ያ የተፈጠረ ኅብረተሰብ ምን ቢያምር ከአጥር ውስጥ ያለ መሆኑን፣ በሽተኛው ከሚስቱ፣ ከአሠሪውና ከጎረቤቱ ጋር ያለው ጠብ በየማታው እየቀጠለ ሲታከም ሐኪሙ ሕመሙን በሕይወት እንዳለ እንደሚያገኘው ጻፈ። የዘዴውንም ወሰን አልሸሸገም፤ በሕግ ጉዳይ ለሚላኩ ሕሙማን እንደማይሆን አስታውቋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል በሆነባት በአገራችን የውሎ ገብ ሕክምና ጥቅም ለማንም የተሰወረ አይደለም።

አምባሳደርነቱ በ1960 ሲመጣ ሕክምናውን አቋረጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የደም ካንሰር እንደያዘው ታወቀ። ሞስኮ ሄዶ ታከመና ጥቂት አገገመ፤ ባገኘው ፋታም የመጨረሻውን መጽሐፉን በቃሉ እያስጻፈ በጥቂት ወራት ጨረሰው። በ1961 በጋ በሮም ከዣን ፖል ሳርትር ጋር ተገናኝቶ መቅድም እንዲጽፍለት ተስማሙ። ሕመሙ ሲጸናበት በመጨረሻ ለመሄድ ወዳልፈለገባት አሜሪካ ተወሰደ። የታተመው መጽሐፍ የደረሰው ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን 1961 በሜሪላንድ፣ ቤተስዳ በሚገኘው ሆስፒታል ዐረፈ። የተመዘገበው ኢብራሂም ፋኖን በሚል ስም ነበር።

አስከሬኑ ወደ ቱኒስ ተመለሰ፤ አርበኞቹም በሌሊት ሳይሆን በቀን ተሸክመውት ድንበሩን ተሻገሩና ጦርነቱ ገና ባላበቃበት በአልጄሪያ ምድር ቀበሩት። ከሰባት ወር በኋላ አገሪቱ ነጻ ወጣች። መቃብሩ ዛሬ በአይን ከርማ ይገኛል። የብሊዳው ሆስፒታል በስሙ ይጠራል፤ አሁንም የአእምሮ ሕሙማን ይታከሙበታል።